«ልጁ ቀለም ካልበላ ምንም አይሆንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉ የሐበሻ ግሩፖች ውስጥ አንድ ጽሑፍ በሰፊው እየዞረ ነው። የድሮ ቤት የሚያከራዩ ወገኖች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ቀለም፣ እዚህ ሁላችንም እንደምንለው ስለ ሌድ፣ ብዙ እንዳይጨነቁ ይመክራል። ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ ቤት ሲያከራዩ የኖሩ ሰው ናቸው። የጻፉትም ወገን ለመርዳት እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ምክራቸውን ቃል በቃል የሚከተል አከራይ ልጅ ሊያስመርዝ፣ ራሱም ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሌድ ያለበት ቀለም በ1978 ታግዷል፤ የድሮውም ቀለም ከዚያ ወዲህ በላዩ ላይ ስንት ጊዜ ስለተቀባ ተቀብሮ ቀርቷል። ልጅ ቅርፊቱን አንስቶ ካልበላ አይጎዳም። ጤነኛ የሚመስል ልጅ የደም ምርመራ አያስፈልገውም፣ ሐኪሞች የሚያዝዙትም ለገንዘብ ብለው ነው፣ ጤፍና ጎመን የሚበላ ልጅ ደግሞ ይበልጥ የተጠበቀ ነው። ሌድ አለ ከተባለም የሚመጣው ከኩልና ከአገር ቤት ድስት ነው። ቀለሙ ከተላጠ አከራዩ ራሱ ቅዳሜና እሁድ ፍቆ ይቀባዋል። ቤቱን ማስመርመር አይመከርም፣ ምክንያቱም ያወቀ ሰው የመናገር ግዴታ አለበት። ተከራይ የማሳወቂያ ወረቀቱን ከፈረመ ነገሩ አለቀ። ከሁሉ የሚሻለው ልጅ ለሌለው ሰው ማከራየት ነው፤ የሚያማርር ተከራይ ካለም ሌላ ቤት ይፈልግ።

እኔ የምተዳደረው የድሮ ቤት በማደስ ነው። መስኮት እነቅላለሁ፣ ግድግዳ አስተካክላለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፤ ሌድ ባለበት ቤት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሥልጠናም ወስጃለሁ። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመቃወሜ በፊት ልክ ያሉትን ልቀበል። ያልተላጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ማንም የማይነካካው የድሮ ቀለም ዛሬውኑ ልጅ አይመርዝም። የፌዴራል ሕጉም እያንዳንዱ አከራይ የድሮ ቀለሙን ከሥሩ ነቅሎ ያውጣ አይልም። ሌድን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ደግሞ ውድ ነው፤ መስኮት ሁሉ ማስቀየር ለአንድ ታውንሃውስ ባለቤት ቀላል ወጪ አይደለም። እነዚህን ሦስቱን እፈርምላቸዋለሁ። ችግሩ ከእነዚህ ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ ነው።

ከ1978ቱ እገዳ ልጀምር። እገዳው ቀለሙ ለመኖሪያ ቤት እንዳይሸጥ አደረገ እንጂ ግድግዳ ላይ ያለውን አላወረደም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኢፒኤ በሚያወጣው አሃዝ መሠረት ከ1940 በፊት ከተሠሩ ቤቶች 87 በመቶው፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 በመቶው፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24 በመቶው ሌድ ያለበት ቀለም አላቸው። እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። በ1970ዎቹ የተሠራ ቤት ያለው ሰው ከአራት ሦስት እጅ ነፃ የመሆን ዕድል አለው። ግን ብዙዎቻችን የተከራየናቸውና የገዛናቸው የዲሲ ረድፍ ቤቶች ከዚያ በጣም ይቀድማሉ። «ታግዷል» ማለት «የለም» ማለት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባልቲሞርን የሚያህል ምስክር ባልተገኘ። ባልቲሞር የሌድ ቀለምን በመኖሪያ ቤት ውስጥ የከለከለችው በ1951 ነው፣ ከአገሪቱ 27 ዓመት ቀድማ። ከዚያ በኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት ልጆቿ በዚያው በድሮው ቀለም ሲመረዙ ኖረዋል።

«በላዩ ስለተቀባ ተቀብሯል» ለሚለው ቤታችሁ ውስጥ ያለውን የድሮ የእንጨት መስኮት እዩ። የታችኛውን ክፍል ወደ ላይ ግፉትና መስኮቱ ሲዘጋ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ተመልከቱ። ግራጫ የመሰለ ነጭ ዱቄት፣ የደረቀ ዝንብ፣ የጥፍር ቁራጭ የሚያክል የቀለም ቅርፊት ታገኛላችሁ። ያ ዱቄት የመጣው ከቀለሙ ነው። መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል፤ ከላይ ያለው አዲስ ቀለም መጀመሪያ ያልቃል፣ ከዚያ ከሥሩ ያለው የ1930ዎቹ ቀለም መፈጨት ይጀምራል። በር ሲገጥምም እንደዚሁ ነው፣ ደረጃ ላይ እግር ሲመላለስም እንደዚሁ። ግድግዳው አምሮ ሳሎኑ አዲስ ቤት መስሎ መስኮቱ ግን በየቀኑ ሌድ እየፈጨ ሊሆን ይችላል። በላዩ መቀባት የሚይዘው የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው።

የጽሑፉ ዋና ስህተትም እዚሁ ላይ ነው። ጸሐፊው አደጋውን ያዩት ቅርፊቱ ላይ ነው፣ አብዛኛው መመረዝ ግን የሚመጣው ከአቧራው ነው። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ቀለም አይበላም እንበል። መስኮት ዳር ቆሞ መኪና ሲያይ ግን ሁለት እጁን ደፉ ላይ ያሳርፋል። መጫወቻውን እዚያው ያስቀምጣል፣ ያነሳል፣ አፉ ውስጥ ይከታል። ወለል ላይ ይድሃል፣ ጣቱን ይጠባል። ይህ መጥፎ ጠባይ ወይም የእናት ቸልተኝነት አይደለም፤ የዚያ ዕድሜ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው። የልጅ አካል ደግሞ ከዋጠው ሌድ ውስጥ አዋቂ ከሚወስደው በጣም የበለጠውን ወደ ደሙ ያስገባል።

ምን ያህል ትንሽ አቧራ እንደሚበቃ ለማየት ኢፒኤ ለወለል ያስቀመጠውን ልክ ተመልከቱ። ድሮ በአንድ ስኩዌር ፊት ወለል ላይ 40 ማይክሮግራም ሌድ ነበር አደገኛ የሚባለው። በ2019 ወደ 10 ወረደ፣ በ2024 በወጣው ደንብ ደግሞ ከዚያም በታች ጠበበ። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። በዓይን የማይታይ አቧራ ልኩን ያልፋል፣ ስለዚህ «ቤቱ ንጹህ ነው፣ ቅርፊት የለም» የሚለው ሙግት አይቆምም።

ወደ ምርመራው ልለፍ። «ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ምን አለበት?» ይላሉ። ሌድ ክፉ የሚሆነው በዚህ ነው፤ በብዙ ልጆች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ የማሰብና የማተኮር አቅም ይቀንሳል። የሚታወቀው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ለልጆች ደም የሚጠቀምበት የማነጻጸሪያ ልክ በ1991 በአንድ ዴሲሊትር ደም 10 ማይክሮግራም ሌድ ነበር። በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 ወረደ። ምንም ችግር አያመጣም የሚባል መጠን አልተገኘም። ሌድን ከደም የሚያወጣው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በልጁ ደም ውስጥ ያለው ሌድ በዚሁ መለኪያ 45 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ላለ ልጅ ዋናው ሕክምና ምንጩን ማግኘትና ማጥፋት ነው። እስኪታመም ጠብቁ የሚለው ምክር እንግዲህ ይህንኑ ብቸኛ ዕድል የሚያሳልፍ ነው።

ምርመራውን ሐኪሞች ለገንዘብ ብለው ያዝዙታል የሚለውም ልክ አይደለም። በሜሪላንድ ከ2015 ወዲህ የተወለደ ልጅ ሁሉ በ12 እና በ24 ወሩ መመርመር አለበት። በዲሲም ሕጉ ሁለት ጊዜ ይመርመር ይላል፤ አንዴ ከ6 እስከ 14 ወር ባለው፣ አንዴ ደግሞ ከ22 እስከ 26 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለው ልጅ የትም ግዛት ቢሆን በ12 እና በ24 ወሩ ይመረመራል። ሐኪሙ ከረሳ እናት ትጠይቅ፤ «የሌድ ምርመራ ተሠርቶለታል ወይ?» ማለት ይበቃል።

ጤፍን በተመለከተ ላግዛቸው። ብረትና ካልሲየም የጎደለው አካል ሌድን አብልጦ ይስባል፣ ባዶ ሆድም እንደዚሁ። ስለዚህ እንጀራውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም ጥሩ ነው፤ ለልጆቻችን እንስጣቸው። ግን መቀነስና መከላከል አንድ አይደሉም። ጥሩ የበላ ልጅም የሌድ አቧራ ከዋጠ ደሙ ውስጥ ይገባል። የኩሉና የድስቱ ነገርም እውነትነት አለው። አንዳንድ ኩል ውስጡ ብዙ ሌድ አለ፣ ከአንዳንድ የአሉሚኒየም ድስትም ሌድ ይወጣል። ሕፃን ልጅ ዓይን ላይ ኩል መቀባት ይቅር። ግን አንድ ምንጭ መኖሩ ሌላውን አያጠፋውም፣ ሁለቱ ይደመራሉ። ኩል የተቀባ ልጅ የድሮ መስኮት ሥር ሲጫወት ከሁለቱም ነው የሚወስደው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ምክር ላይ ልምጣ። «ብርጭቆ ወረቀትና ስፓቱላ ገዝታችሁ ቅዳሜ ፍቃችሁ እሁድ ቀቡት፣ ሰኞ አዲስ ቤት ነው» ይላሉ። ይህ ምክር ግድግዳ ላይ ረግቶ የተቀመጠውን ሌድ ወደ አቧራ ቀይሮ ቤቱን በሙሉ ማዳረስ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቅን አከራይ ተከራዮቹን ለማስደሰት ብሎ የድሮ የእንጨት መስኮቶችን በኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ አሽቶ ቀብቶላቸው፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ጠራኝ። መስኮቱ ያምራል። የማሞቂያውን የአየር መውጫ ክዳን ሳነሳ ግን ውስጡ በነጭ ብናኝ ተሸፍኖ ነበር፤ አጠገቡ የሕፃን አልጋ አለ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወስደን ላብራቶሪ ስንልክ ከልኩ በብዙ እጥፍ ያለፈ መጣ። ሰውየው ባይነካው ይሻል ነበር። ለአየር ማጣሪያ፣ ለጽዳትና ለዳግም ምርመራ ያወጣው ገንዘብ ከመጀመሪያው በሙያተኛ ቢያሠራው ከሚከፍለው በለጠ።

ሕጉም ይህን ያውቃል። ከ2010 ጀምሮ ከ1978 በፊት በተሠራ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ፊት በላይ፣ በውጭ ደግሞ ከ20 ስኩዌር ፊት በላይ ቀለም የሚነካ ሥራ፣ እንዲሁም መስኮት መቀየር የሚችለው የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። ብዙ ወገኖች የማያውቁት፣ ጸሐፊውም የዘለሉት ነገር እዚህ አለ። ሰው የሚኖርበትን የራሱን ቤት ራሱ ቢያድስ ደንቡ አይመለከተውም። የሚያከራየውን ቤት ግን የራሱ ቢሆንም ይመለከተዋል። ቀለም በእሳት ማቃጠል፣ ረቂቁን ብናኝ የሚይዝ ሄፓ ቫኪዩም በሌለው ማሽን መፈግፈግ ጭራሽ የተከለከለ ነው። ሥልጠናው የ8 ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ቀን ኮርስ ነው። ቤቶቹን በራሱ እጅ መጠገን የሚወድ አከራይ ሄዶ ይውሰደው፣ ለድርጅቱም ፈቃድ ያውጣ፤ ከዚያ ወለሉን በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ የአየር መውጫውን ዘግቶ፣ ቀለሙን እያረጠበ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡርን ከቤት አርቆ ይሠራል። ማንም አይከለክለውም።

«አለማወቅ ይሻላል» ወደሚለው ልሂድ። የፌዴራል ሕጉ አከራዩ የሚያውቀውን ብቻ እንዲናገር ያስገድዳል፣ ቤቱን አስመርምር አይለውም። ይህን በትክክል አንብበዋል። ያላነበቡት የዲሲንና የሜሪላንድን ነው። በዲሲ ሕግ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ ሌድ እንዳለበት ተደርጎ ይወሰዳል። ከ6 ዓመት በታች ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር የሚኖርበት፣ ወይም አዘውትረው የሚመጡበት ቤት ከሆነ አከራዩ አቧራው ተመርምሮ አደጋ እንደሌለ የሚያሳይ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። በሜሪላንድ ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት በየዓመቱ ይመዘገባል፤ አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊትም የምርመራ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። በሁለቱም ቦታ «አላወቅሁም» የሚል መውጫ የለም። ከዚያ ውጭም ቢሆን ልጅ ሲመረዝ የጤና ቢሮው ኢንስፔክተር ሌድ የሚለካ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ ይደግነዋል፣ በሰከንዶች ውስጥ ቁጥሩን ያነባል። ያኔ አከራዩ ያወቀው ከሁሉ በከፋው ሰዓት ነው። የኢንሹራንስ ውላችሁንም አውጥታችሁ አንብቡት፤ ብዙዎቹ በሌድ የሚመጣን ጉዳት አይሸፍኑም።

ፊርማውን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። ከ1996 ጀምሮ አከራይ የኪራይ ውሉ (ሊዙ) ከመፈረሙ በፊት ስለ ሌድ የሚያውቀውን ማሳወቅ፣ የኢፒኤን ቡክሌት መስጠትና ያስፈረመውን ወረቀት ሦስት ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ያ ወረቀት ተከራዩ መረጃ ማግኘቱን ያሳያል። «ልጄ ቢመረዝ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብሎ አያስፈርምም። አውቆ ያላሳወቀ አከራይ ደግሞ ተከራዩ ለደረሰበት ጉዳት ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል፤ የመንግሥት ቅጣቱም በአንድ ጥሰት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል።

ይህን ወረቀት እንደ ተራ ፎርም የሚያይ ሰው በ2000 በማንቸስተር፣ ኒው ሃምፕሻየር የሆነውን ይወቅ። ከሱዳን ተሰደው በግብፅ በኩል አሜሪካ የገቡ ቤተሰቦች የድሮ አፓርታማ ተከራዩ። የሁለት ዓመት ልጃቸው በሳምንታት ውስጥ ታመመች። መጀመሪያ የታየባት ትኩሳትና ማስመለስ ብቻ ነበር፣ ማንም ሌድን አልጠረጠረም። ደሟ ሲመረመር በዴሲሊትር 392 ማይክሮግራም ተገኘ። አልተረፈችም። የሕንፃው አስተዳዳሪ ከዚሁ የማሳወቂያ ወረቀት ጋር በተያያዘ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ ታስሯል። እነዚያ ወላጆች እንደ ብዙዎቻችን ከጦርነት ያመለጡ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልለመዱ፣ የተሰጣቸውን ቤት አመስግነው የገቡ ሰዎች ነበሩ። ጽሑፉ «ተከራዩ አንብቦ ይፈርም» ሲል እነሱን የመሰለውን ቤተሰብ አላሰበም። አከራዩና ተከራዩ ሁለቱም ሐበሻ ከሆኑማ ወረቀቱን በአማርኛ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ልጅ ለሌለው ሰው ማከራየት ይሻላል የሚለው ምክር ባጭሩ ሕገ ወጥ ነው። ከ1988 ጀምሮ የፌዴራል የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ልጅ ስላለው ብሎ ተከራይን መከልከል አይፈቅድም። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርባቸው እስከ አራት ቤት ያላቸው ሕንፃዎች በፌዴራል ሕጉ የተለየ አያያዝ አላቸው፣ ጸሐፊው ምናልባት እሱን አስበው ይሆናል። እዚያም ቢሆን «ልጅ ለሌለው» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት አይቻልም፣ የየግዛቱ ሕግም ለብቻው አለ። ደግሞስ ዛሬ ያለ ልጅ የገባች ተከራይ የዛሬ ዓመት ብትወልድ ቀለሙ ይጠፋል? ሌድ ከእናት ወደ ጽንስ ስለሚያልፍ መውለዷንም አይጠብቅም።

ወጪውን ጸሐፊው ያነሱት በቅንነት ስለሆነ በቅንነት ልመልስ። አብዛኛው የኪራይ ቤት ሙሉ ነቀላ አያስፈልገውም። የተላጠውን በትክክል ማረጋጋት፣ የሚፋተጉትን መስኮትና በሮች መጠገን ወይም መቀየር፣ ጎድጓዳውን በሚታጠብ ነገር መሸፈን፣ መጨረሻ ላይ አቧራውን ማስመርመር፣ ከዚያ በየጊዜው ማየት ነው። መስኮት አንድ ላይ ካልተቻለ ከልጆች መኝታ ቤት ይጀመር። ሜሪላንድ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ዕርዳታና ብድር አለው፤ በፌዴራል ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የከተማና የካውንቲ ፕሮግራሞችም አሉ። የተከራዩ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነና ትንሽ ልጅ ካለ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። ጥያቄው ከካውንቲው የቤቶች ቢሮ ይጀምራል።

ተከራዮችም እስኪጠገን ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡ። የመስኮቱን ደፍና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ጣሉት። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ያስነሳዋል እንጂ አያነሳውም፤ ተራ ቫኪዩምም ረቂቁን ብናኝ ከኋላው ይተፋዋል። የልጁን አልጋ ከመስኮት አርቁ። ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት እጁን አሳጥቡት። ጫማ በር ላይ ይውለቅ።

«የሚያማርር ሌላ ቤት ይፈልግ» የሚለው ቀረ። በዲሲም በሜሪላንድም ስለ ሌድ ያመለከተን ተከራይ በዚያ ምክንያት ማስወጣት ወይም ኪራይ መጨመር ክልክል ነው። ስለዚህ ተከራይ የተላጠውን ቦታ ፎቶ ያንሳ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርግ፣ ቀኑን ይጻፍበት፣ ቅጂውን ያስቀምጥ። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም፣ በአማርኛ ቢሆንም፣ በስልክ መልእክት ቢሆንም ከቃል ይሻላል። በሜሪላንድ አከራዩ ዝም ካለ ኪራዩ በፍርድ ቤት በኩል ተይዞ እንዲቀመጥ መጠየቅ ይቻላል። በራስ ሥልጣን ኪራይ ማቆም ግን አያዋጣም፤ ያ ለማስወጣት ሕጋዊ ምክንያት ይሆናል። የልጁ የደም ውጤት ለጤና ቢሮ የሚላከው ልጁን ለመከታተል ነው። ወረቀቴ ገና አላለቀም ብሎ የሚፈራ ወላጅ በዚህ ፍርሃት ልጁን ሳያስመረምር እንዳይቀር።